ቀለም ያልነካው ጣት

ስምንት ዓመቴ እያለ እናቴን ከሥራ ከመባረር አዳንኳት። ማንም አላመሰገነኝም። ዛሬ ሳስበው፣ እንኳንም አላመሰገኑኝ።

እናቴ የምትሠራው በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበር። ክፍሉ ከሕንፃው ጀርባ፣ ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ አሥራ ሁለት ደረጃ ወርዶ የብረቱ በር ሲገፋ እንፋሎቱ ፊት ላይ ይለጠፋል። በቀኝ በኩል ሦስት ትልልቅ ማሽኖች እየተንቀጠቀጡ ያጉረመርማሉ፤ በግራ አንሶላ የሚተኮስበት ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ መሃል ላይ ደግሞ ደም የነካው ጨርቅ የሚዘፈዘፍበት የሲሚንቶ ገንዳ። ገንዳው ውስጥ ያለው በረኪና ከሩቅ ዓይን ያቃጥላል። አሥር ሴቶች ነበሩ፤ የአሥሩም እጅ አንድ ዓይነት ነበር፦ የነጣ፣ የተጨማደደ፣ ጥፍሩ ሥር የተሰነጣጠቀ። ጓንት ሲመጣ ይቀደዳል፣ ሲቀደድ ሌላ አይመጣም። ልጅ ሆኜ የትልቅ ሰው እጅ ሁሉ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

የዚያን ቀን እዚያ የተገኘሁት ትምህርት ቤታችን ስለተዘጋ ነው። "ለምርጫ ተፈልጓል" አሉን። ምርጫ ምን እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም። ወንበሮቻችንን ግድግዳ ጥግ ከምረው ክፍላችንን ወሰዱት፣ የማውቀው ይህንኑ ነው። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ቤት ብቻዋን ከምትቀር ብላ እናቴ ይዛኝ ሄደች። የታጠፈ ልብስ የሚደረደርበት ጠረጴዛ አጠገብ፣ የሳሙና ካርቶን ላይ አስቀምጣኝ "ከዚህ ንቅንቅ እንዳትዪ" አለችኝ። እኔ ተቀመጥኩ፤ ጆሮዬ ግን አልተቀመጠም።

ያን ሰሞን አንድ ወሬ ከእናቴ አፍ አይጠፋም ነበር። ለጎረቤታችን በአጥር ላይ ስትነግራት ሰምቻለሁ፤ "ሰው ሊቀንሱ ነው አሉ። ማንን እንደሚያስቀሩ፣ ማንን እንደሚሸኙ አንድዬ ይወቅ።" እንደዚያ ስትል ድምፅዋ ዝቅ ይላል፣ እኔን ስታይ ደግሞ ጭራሽ ዝም ትላለች። ወሬው እውነት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ አዲስ ማሽን ገብቶ ሁለት ሴቶች ተቀነሱ፤ እናቴ አልነበረችበትም። ከምርጫው ጋር ደግሞ አንዳች የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ይህንን ግን ለስምንት ዓመት ልጅ ማን ይንገራት?

የክፍሉን ተቆጣጣሪ ሴቶቹ "ባለቁልፉ" ይሉታል። ወገቡ ላይ ያንጠለጠለው የቁልፍ መዓት ከእሱ ቀድሞ ይሰማል። እሱ የሚሠራው አንድ ሥራ ነበር፤ ከዚያ በፊት ትምህርት ሲዘጋ በመጣሁባቸው ቀናት ሁሉ ፈዝዤ አየው ነበር። ያረጁትን አንሶላዎች አንድ በአንድ ወደ መብራቱ ያነሳቸዋል። የሳሳ ሲያገኝ ትንሽ እንጨት ሐምራዊ ቀለም ውስጥ ነክሮ ጥጉ ላይ ነጥብ ያደርግበታል። ነጥብ ያረፈበት አንሶላ አበቃለት። ሴቶቹ "ይሄም ጡረታ ወጣ" ይላሉ፤ ከዚያ ሁለት ሆነው ጫፍና ጫፉን ይይዙና ጨርርር አድርገው ይቀድዱታል፣ የወለል መወልወያ ይሆናል። ያ የመቀደድ ድምፅ እስከ ዛሬ ጥርሴን ያሳክከኛል።

ጠዋት ሥራ እንደተጀመረ ባለቁልፉ ከአንዷ ሴት ጋር ገንዳው አጠገብ ቆሞ ይነጋገር ነበር። ሴትየዋ ቀጭን፣ ረጅም፣ ስብሰባ የምትወድ ነች፤ ጓደኞቿ "ሊቀመንበሯ" ይሏታል። ማሽኖቹ ስለሚጮኹ የደረሰኝ ቁርጥራጭ ነው። "ሁለት ሁለት እየሆናችሁ... ማታ ጣታችሁን አያለሁ... ምልክት..." ሊቀመንበሯ ደረቷን ነፍታ "አሥራችንም! ቃሌ ነው!" ስትል ብቻ በደንብ ሰማሁ።

የጎደለውን የሞላልኝ ከዓመታት በኋላ የሰማሁት ነው። ሆስፒታል በዓል የለውም፣ ምርጫም የለውም፤ አንሶላ ካልታጠበ በሽተኛ የሚተኛበት ያጣል። ባለፈው ምርጫ ለሴቶቹ ፈቃድ ተሰጥቷቸው ግማሾቹ በዚያው ወደየቤታቸው ሄደው ቀርተው ነበር። ስለዚህ ባለቁልፉ "ዘንድሮ ማንም አይወጣም" ይላል። ሊቀመንበሯ አንድ ወር ሙሉ ተከራክራ ያገኘችው ስምምነት ይሄ ነው፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይወጣሉ፣ የወጡትን ሥራ የቀሩት ይሸፍናሉ፣ አሥሩም መርጠው ይመለሳሉ። አንዲት ሴት እንኳ ሳትመርጥ ከዋለች፣ ከዚያ ወዲያ የምርጫ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። ዘጠኙ ሴቶች በሷ ቃል ታስረዋል፣ እሷ ደግሞ በዘጠኙ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሲመለሱ ሊቀመንበሯ አንዷ ነበረች። በሩን በጀርባዋ ገፍታ ገባችና ጣቷን ወደ ላይ አነሳች። ጥፍሯ ላይ ሐምራዊ ቀለም አለ።

"ይኸው!" አለች።

አንሶላ ስትተኩስ የነበረችው ሴት ቀና ብላ አየቻትና "ውይ ጉዴ፣ አንቺም ጡረታ ወጣሽ!" አለች። ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። እናቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። ነጥብ የተደረገበት ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ሰው ሊቀንሱ እንደሆነም አውቃለሁ። ማታ ባለቁልፉ መጥቶ ጣታቸውን አንድ በአንድ ወደ መብራቱ እያነሳ እንደሚያይ ታየኝ። እንዴት ይስቃሉ? ትልልቅ ሰዎች ሲፈሩ እንደሚስቁ ግን ለቅሶ ቤት አይቻለሁና፣ ይሄም ያው ነው አልኩ።

ሁለት ወጡ፣ ሁለት ገቡ። በገቡ ቁጥር ሐምራዊው ጣት ይበዛል፤ እጃቸውን ገንዳው ውስጥ ሲከቱ ደግሞ ከዓይኔ ይሰወራል። ከሁሉም ትልቋ፣ ሁሉም "እትዬ" የሚሏቸው፣ እግራቸው ከቁርጭምጭሚት በላይ ያበጠ ሴትዮ ነበሩ። የእሳቸውና የእናቴ ተራ መጨረሻ ላይ ነው፤ እትዬ ወደ ምርጫ ጣቢያው የሚወስደውን ዳገት ያለ ደጋፊ አይወጡም።

"እትዬ፣ እውነት በዚህ እግርዎ ሊሄዱ ነው?" አለቻቸው አንሶላ ተኳሿ። "ደግሞ ለማን ብለው? ማናቸው ውሃ አምጥተው ያውቃሉ? ማናቸው መንገድ ሠርተው ያውቃሉ?"

"ማናቸውም" አሉ እትዬ፣ ጨርቁን እየጠመዘዙ።

"ታዲያስ?"

"ታዲያማ ካልመረጥኩ በምን አፌ ልሳደብ? አምስት ዓመት ሙሉ ዝም ብዬ ልቀመጥ ነው?"

እናቴ እየሳቀች "እኔስ እርስዎን ደግፌ ስለምወጣ ነው የምሄደው" አለቻቸው። እንዲህ ትበል እንጂ የምርጫ ካርዷን በዋዜማው ማታ እንደ ወርቅ ከሳጥኗ ሦስቴ አውጥታ ስታየው ነበር። ስሟ የተጻፈበት ጠንከር ያለ ወረቀት ነው። ሥራ ስትገባ ሹራቧ ኪስ ውስጥ ከታው፣ ሹራቡን ከካርቶኔ በላይ ያለው ሚስማር ላይ ሰቅላዋለች።

ሴቶቹ ሲወጡ ሁሉም ያንን ዓይነት ወረቀት ይዘው እንደሚወጡ አይቻለሁ። ወረቀቱ ከሌለ ምልክቱ አይኖርም። ይህንን ለማወቅ ብዙ ትምህርት አያስፈልግም። እናቴ ጀርባዋን ስትሰጠኝ ካርቶኑ ላይ ቆምኩ፣ እጄን ሹራቡ ኪስ ውስጥ ከተትኩ፣ ካርዱን አወጣሁ። ፊት ለፊቴ የታጠፉ የትራስ ልብሶች ተደርድረዋል። አንዱን ከመሃል ሳብ አድርጌ እጥፋቱ ውስጥ አስገባሁትና መልሼ በመዳፌ ደለደልኩት። ብዙም ሳይቆይ ጋሪ የሚገፋው ሰውዬ መጣ፣ ክምሩን ጫነ፣ እያፏጨ ወደ መኝታ ክፍሎቹ ይዞት ሄደ። በሕይወቴ እንደዚያ የኮራሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ተራዋ ሲደርስ እናቴ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወደ ሹራቧ መጣች። አንዱን ኪስ ፈተሸች፣ ሌላውን ፈተሸች፣ ሹራቡን ገልብጣ አራገፈችው። ደረቷ ውስጥ ፈለገች። የምሳ ዕቃ የያዘችበትን ፌስታል ወለሉ ላይ ዘረገፈችው።

"ካርድ አይተሻል?" አለችኝ።

"አላየሁም።"

ዓይኖቿ ቀሉ። ካርቶኔን ሳይቀር አንስታ አየች። መደንገጧ ገብቶኛል፤ ግን እኔም መርፌ ስወጋ እጮኻለሁ፣ እሷ ደግሞ "ለጥቅምሽ ነው" ትለኛለች። ይሄም ለጥቅሟ ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

እትዬ ነጠላ ጫማቸውን አድርገው በሩ ጋ ቆመው ነበር። "በቃ እኔም ልቅር ልጄ፤ እንፈልገዋለን" አሏት።

"አይሆንም እትዬ" አለች እናቴ። ፊቷን በእጇ ጠረገች። "እርስዎ ይመርጣሉ። ክንዴን ይያዙኝ።"

አብራቸው ወጣች። እዚያ ስትደርስ የሆነውን እትዬ ናቸው የነገሩኝ። የመዝጋቢዎቹ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብላ ስሟን ራሷ አግኝታ አሳየቻቸው። "ይኸው እኔ ነኝ" አለቻቸው። ስሟ አለ፤ ካርዱ ከሌለ ግን አንችልም አሏት። አልጮኸችም። ከዚያ እትዬን ደግፋ፣ እሷ የማትመርጥበት ሰልፍ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆመች። ስለ ግዴታ ብዙ ንግግር ሰምቻለሁ፤ ያቺን ክንዷን አውሳ የቆመችውን ሴት የሚያህል ግን አላጋጠመኝም።

ሲመለሱ መጀመሪያ ያየሁት ጣቷን ነው። ንጹሕ። የእትዬ ጣት ሐምራዊ ነበር፣ አሳዘኑኝ፤ እናቴ ግን ድናለች። ሮጬ ወገቧን አቀፍኩ። ጸጉሬን ዳበስ አደረገችኝና ወደ ገንዳዋ ሄደች።

ሥራ ሊያበቃ ሲል ቁልፎቹ ተሰሙ። ባለቁልፉ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ገባ። "እስቲ ጣታችሁን" አለ። አሥሩ ሴቶች ጠረጴዛው ጋ ተሰልፈው እጃቸውን ዘረጉ።

አንድም ምልክት አልነበረም። ሃያ እጅ፣ ሁሉም እንደ ኖራ የነጣ። ገንዳው ቀለሙን ጠራርጎ በልቶታል፤ ዘግይተው የመጡት እትዬ እንኳ ሁለት ሰዓት ሙሉ እጃቸው በረኪና ውስጥ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ክፍሉን የተቆጣጠረ ሰው ይህንን አላሰበበትም፤ እጁን ገንዳው ውስጥ ከቶ አያውቅማ። ሴቶቹም ቢሆኑ ሥራ ላይ ሆነው አላሰቡትም።

"ይሄ ምን ማለት ነው?" አለ።

"በረኪና ማለት ነው" አለች ሊቀመንበሯ።

"ታዲያ ማን መረጠ ማን አልመረጠ በምን ልወቅ?"

"በአፋችን። ጠይቀን።"

እያጉረመረመ ከጫፍ ጀመረ። "መረጥሽ?" "መረጥኩ።" ይጽፋል። "መረጥሽ?" "መረጥኩ።" እኔ ካርቶኔ ላይ ትንፋሼን ዋጥኩ። እናቴ ጋ ደረሰ።

"መረጥሽ?"

"አልመረጥኩም።"

እስክሪብቶው ቆመ። እትዬ ቀደም ብለው "አብራኝ ነበረች! ሰልፉ ላይ እስከ መጨረሻው አብራኝ ቆማለች!" አሉ።

"ቆሜያለሁ" አለች እናቴ። "ካርዴ ጠፋብኝ። አልመረጥኩም።"

ባለቁልፉ ቀና ብሎ ሊቀመንበሯን አያት። የተናደደ አይመስልም ነበር፤ የተገላገለ ነው የሚመስለው። "እንግዲህ ቃልሽን ሰምተናል" ብሎ ወረቀቱን አጠፈ። ቁልፎቹ ደረጃውን ወጡ።

ሊቀመንበሯ ወደ እናቴ ዞረች። "ምን ነበረበት? አዎ ብትይ ምን ነበረበት? እጅሽን አይቶታል፤ ያው የኛን ይመስላል! ማን ያውቅብሻል?"

"እናንተ ታውቃላችሁ።"

"እኛ እንናገር ነበር?"

"አትናገሩም" አለች እናቴ፤ ድካሟ ድምፅዋ ላይ ይሰማል። "ቃል የገባሽው ግን እንመርጣለን ብለሽ ነው፤ መረጥን እንላለን ብለሽ አይደለም። እኔ ዛሬ ዋሽቼ ብገባበት፣ ነገ ዘጠኛችሁም መረጥን ስትሉ ማን ያምናችኋል?"

"አይ፣ አንቺ!" አለች ሊቀመንበሯ። ሽርጧን ፈታ ሚስማሩ ላይ ወረወረችውና ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ጉዳይ በቀር ለእናቴ የምትናገረው ነገር አልነበራትም። ምሳ ሲበላ እናቴ አጠገብ የሚቀመጡት እትዬ ብቻ ሆኑ።

በሦስተኛው ቀን ከመኝታ ክፍሎቹ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ካርዱን ይዛ ቤታችን ድረስ መጣች። "የትራስ ልብስ ስዘረጋ ዱብ አለ" አለቻት። እናቴ አመስግና ሸኘቻት። በሩን ከዘጋች በኋላ ካርዱን እያገላበጠች አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ደብተሬ ላይ አቀረቀርኩ። ካርዱን ወስዳ ሳጥኗ ውስጥ ከተተችው። አላወቀችብኝም ብዬ ደስ አለኝ። ያቺን ሴት ነው አላወቀችም ያልኩት፤ በቀን ሦስት መቶ የትራስ ልብስ በእጇ የምታጥፈዋን፣ እጥፋት ውስጥ ምን በራሱ እንደሚገባና ምን እንደማይገባ የምታውቀዋን።

ሴቶቹ የመረጡት ሰውዬ አላሸነፈም። በጥቂት አይደለም የተሸነፈው፣ በብዙ ሺህ ነው። የእናቴ አንድ ድምፅ ምንም አይለውጥም ነበር። ይህንን ሐቅ እንደ ራስ ምታት ክኒን በየጊዜው ወስጄዋለሁ። አንዴም አሽሎኝ አያውቅም። አሁን ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ባለፈው ምርጫ ሦስት ሰዓት ተኩል ተሰልፌ ሳለሁ፣ ከኋላዬ የቆመ ወጣት "እትዬ፣ ምን ይለወጣል ብለው ነው እንዲህ የሚደክሙት?" አለኝ። "እትዬ" ማለቱ ይበልጥ አደከመኝ። ይህንን ሁሉ ከየት ልጀምርለት?

ጣት ላይ የሚቀባው ቀለም ምን እንደሆነ ያወቅሁት አሥር ዓመቴ ላይ፣ ክፍል ውስጥ ነው። መምህራችን ሰሌዳው ላይ ጣት ስላ፣ ጥፍሩን በጠመኔ አጥቁራ ስታስረዳን ጆሮዬ ጭው አለ። ቤት ስገባ ልነግራት ነበር። አልነገርኳትም። በማግስቱም አልነገርኳትም። በዚህ ዓይነት ሦስት ዓመት አለፈ፣ እትዬም በመሃሉ ጡረታ ወጥተው ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። ለእሳቸው እንኳ አልነገርኳቸውም።

ቀጣዩ ምርጫ ሲደርስ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። ባለቁልፉ ያለውን አልረሳም፤ ፈቃድ የለም። የምርጫ ጣቢያው የሚከፈተው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሥራ የሚጀመረው አንድ ሰዓት ነው። መምረጥ የፈለገች በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ መርጣ ዳገቱን ወርዳ መድረስ አለባት። ይህ ሁሉ በኔ የመጣ መሆኑን ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም ብዬ ነበር።

በዋዜማው እራት በልተን ስንጨርስ እናቴ ሳጥኗን ከፍታ አዲሱን ካርዷን አወጣች። ኪሷ ውስጥ የምትከተው መሰለኝ። እኔ ጋ መጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ ደብተሬ ላይ አኖረችው።

"አንቺ ያዢልኝ" አለች። "ነገ በጠዋት አብረሽኝ ትሄጃለሽ። በሩ ጋ ስንደርስ ትሰጪኛለሽ።"

ቀና ብዬ አየኋት። እሷም ትክክል ዓይኔን አየችኝ፣ ልክ ካርዱ የተገኘ ጊዜ እንዳየችኝ። አምስት ዓመት ሙሉ ታውቅ ነበር። ከጓደኞቿ ተለይታ ምሳዋን ስትበላ ታውቅ ነበር። "ልጄ ናት" ብትል በአንድ ቃል ነጻ ትወጣ ነበር። እንባዬ መጣ።

"እማዬ፣ ሊያባርሩሽ መስሎኝ ነው። ምልክት ያደረጉብሽ እንደ አንሶላው..."

"አልቅሺ አላልኩሽም" አለች፣ ሳህኖቹን እያነሳች። "ያዢው ነው ያልኩሽ።"

ሌሊቱን ካርዱን ትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁ፤ ተኛሁ ማለት ከተቻለ። ጎህ ሲቀድ የትምህርት ቤቴ በር ላይ ስንደርስ ሴቶቹ ሁሉ ቀድመውን ቆመዋል፤ የተቀነሱት ሁለቱ ሳይቀሩ መጥተዋል። ብርድ ነበር፣ ሁሉም በየሹራባቸው ውስጥ ተኮራምተው እግራቸውን ያፈራርቃሉ። ሊቀመንበሯ ከፊት ናት። በሩ ሲከፈት ካርዱን ለእናቴ ሰጠኋት። ወደ ውስጥ ገባች።

ሰልፉ ቀስ ብሎ ነው የሄደው። የመረጡት እየወጡ ወደ ሥራ መሮጥ ይችሉ ነበር፤ አልሮጡም። ግቢው በር ላይ ተሰብስበው ሊቀመንበሯ አጠገብ ቆሙ። አንድ ሰዓት ሊሞላ አሥር ደቂቃ ሲቀር ያልወጣችው እናቴ ብቻ ነበረች። አንደኛዋ "ኧረ ሊረፍድብን ነው" አለች። ሊቀመንበሯ ዓይኗን ከበሩ አልነቀለችም።

እናቴ ፈጠን እያለች ወጣች። ብርዱን ለመከላከል እጆቿን ሹራቧ ኪስ ውስጥ ከታቸዋለች። ሊቀመንበሯ ፊት ለፊት ስትደርስ ቆመች። በአምስት ዓመት ውስጥ ከሥራ ውጭ የሆነ ቃል ስትናገራት የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

"መረጥሽ?"

"መረጥኩ።"

እናቴ እጇን ከኪሷ ለማውጣት ጀምራ ነበር። ሊቀመንበሯ አልጠበቀችም። ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ክንዷን በእናቴ ክንድ ውስጥ አስገባችና "በሉ እንሂድ፣ ረፍዷል" አለች። ጣቷን አላየችም።